የበረት፣ የጋራዥና የሱቅ ጣሪያ አመራረጥ በወላይታ

የጣሪያ ቅርጽ ሲባል የአንድ ቤት ክዳን ውሃ የሚያወርድባቸው ፊቶች ብዛት፣ የተዳፋታቸው መጠንና ከግድግዳው ጋር የሚያያዙበት መንገድ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ጣሪያ ብዙ ጊዜ በመልኩ ይመረጣል። የበረት፣ የጋራዥና የሱቅ ጣሪያ ግን የሚወሰነው በቤቱ ወርድ፣ በዝናቡና በንፋሱ ኃይል፣ በክዳኑ ዓይነትና ውሃው በሚወርድበት ቦታ ነው። ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን በወላይታ ዞን፣ በተለይም እንደ ሻንቶ ባሉ አነስተኛ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ሁኔታ ይመለከታል።

ሻንቶ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው በበልግና በክረምት በመሆኑ ጣሪያ ከዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። ወላይታ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ስለሆነም የአንዱ ግቢ ከሌላው ጋር የሚገናኝ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በረቱን ወይም ሱቁን በምን ቅርጽ ልክደን ብሎ ሲያስብ፣ ውሃውን በማን በኩል ላውርድ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

የሳር ጣሪያና በውስጡ ያለው ጋጣ

የወላይታ ባህላዊ ቤት ክብ ሲሆን ሳሩ ከአናቱ ተነስቶ እስከ መሬት አቅራቢያ ይወርዳል። ከሩቅ ሲታይ የንብ ቀፎ ይመስላል። በጎረቤት ጋሞ ዞን፣ በጨንቻ ደጋ የሚገኘው የዶርዜ ቤት የዚህ ዓይነት አሠራር ታዋቂ ምሳሌ ነው። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተፈትሎ በጣም ረጅም ሆኖ ይሠራል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፣ ቤቱም እያጠረ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

በወላይታ ባህላዊ ቤት ውስጥ ለከብት የተለየ በረት መሥራት የግድ አልነበረም። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ስር፣ በክፍልፋይ ተለይተው ያድሩ ነበር። ከብቱ ቤቱን ያሞቃል፣ ከሌባና ከአውሬም ይጠበቃል፤ ፍጉም ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ ቤቱን ወደ ከበበው የእንሰት ማሳ ይወሰዳል። ጉዳቱ ደግሞ ጭሱ፣ ሽታው፣ ቁንጫውና ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ ነው። ከብቱን ከቤት ማውጣት ጤናማ ቢሆንም ሁለተኛ ጣሪያ ይጠይቃል። የበረት ጣሪያ ምርጫ ራሱን የቻለ ጥያቄ የሆነው ከብቱ ከሰው ቤት ሲወጣ ነው።

ሳር ውሃን የሚያወርደው በዳገቱ ነው። ዝናቡ በሳሩ ውስጥ ጥቂት ሰርጎ ሳይዘልቅ ወደ ታች እንዲንሸራተት ተዳፋቱ 45 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ክብና ሹል ቅርጽ የተመረጠው ለውበት ብቻ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ክብ ጣሪያ ሁለት ፊቶች ተገናኝተው ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጎድጓዳ መጋጠሚያ የለውም፤ ንፋስም የሚይዘው ማዕዘን አያገኝም። ሳር ከባድ ነው፣ አየርም በመጠኑ ያሳልፋል፤ በዚህ የተነሳ በንፋስ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ አይሄድም። የሳር ጣሪያ ጠላቱ መበስበስና እሳት ነው። አሁን ደግሞ የግጦሽ መሬቱ ወደ እርሻ ስለተለወጠ ለክዳን የሚሆን ረጅም ሳር ማግኘት ራሱ ከብዷል።

ቆርቆሮ

ሞገድ ያለው የብረት ቆርቆሮ የተፈለሰፈው በእንግሊዝ ነው። ሄንሪ ፓልመር የተባለ መሐንዲስ በ1829 እ.ኤ.አ. በለንደን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ስታኒስላስ ሶሬል የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1837 እ.ኤ.አ. ብረትን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቂያ ዘዴ አወጣ። የሁለቱ ሐሳቦች ጥምር ቀላል፣ ተደራርቦ የሚጫንና ማንም በመዶሻ ሊመታው የሚችል ክዳን ሰጠ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው አስቀድሞ ለቤተ መንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለነጋዴ ቤቶች ሲሆን፣ የጅቡቲ ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ማጓጓዙ ቀለለ።

ሞገዱ ጌጥ አይደለም። ጠፍጣፋ ስስ ብረት በመሐሉ ይረግባል፤ ሲታጠፍ ግን ራሱን ይሸከማል። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይለካል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ የሚባለው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 32ና 35 ከዚያ ይሳሳሉ። ገዢ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብሎ እንዳይሳሳት ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ቆርቆሮ ከሳር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነገር ይገለብጣል። የሳር ጣሪያ ችግር ክብደቱ ነበር፤ የቆርቆሮ ችግር ቅለቱ ነው። ሳር ዳገት ይፈልጋል፣ ቆርቆሮ ዝቅ ባለ ተዳፋትም ውሃ ያወርዳል። ሳር ለክብ ቤት ይመቻል፣ ቆርቆሮ ግን አራት ማዕዘን ስለሆነ አራት ማዕዘን ቤት ይፈልጋል። ክብ ቤትን በቆርቆሮ መክደን ይቻላል፤ በሀገሪቱ ብዙ ክብ አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ ሆነዋል። ሆኖም እያንዳንዱ ቆርቆሮ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ግማሹ ሊባክን ስለሚችል ለበረት የሚያዋጣ አይደለም።

የጣሪያ ቅርጾች

ባለ አንድ ተዳፋት ጣሪያ አንድ ፊት ብቻ አለው፤ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ይላል። በከተማ ግቢዎች ከአጥር ጋር ተያይዞ የሚሠራው ሰርቪስ ቤት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። መገጣጠሚያ የለውም፣ አናት ላይ የሚሸፈን ክፍተት የለውም፣ አሸንዳም በአንድ በኩል ብቻ ይበቃዋል። ለማስፋት ቢፈለግ ጎን ለጎን መቀጠል ይቻላል። ድክመቱ ወርዱ ሲሰፋ ከፍተኛው ግድግዳ በጣም መርዘሙና ውሃው ሁሉ በአንድ በኩል መውረዱ ነው።

ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ አናቱ ላይ ተገናኝቶ ወደ ግራና ቀኝ ይወርዳል። ሰፋ ላለ ቤት የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም እንጨቱ ወይም ብረቱ በሦስት ማዕዘን ሲገጣጠም ያለ መሐል ምሰሶ ሰፊ ወርድ ይሸከማል። ባለሙያዎች ይህን ግጥም ትራስ ይሉታል። የትራሱ የታችኛው አግዳሚ ዋናው ሥራው ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፋ መያዝ ነው። ለአይሱዙ መኪና ቦታ ለመፍጠር ሲባል ይህን አግዳሚ ከመሐል መቁረጥ በሥራ ቦታ የሚታይ ስህተት ነው። ግድግዳው ወዲያው ባይሰነጠቅም ከጊዜ በኋላ ይገፋል።

ባለ አራት ተዳፋት ጣሪያ በአራቱም ጎን ይወርዳል። ግድግዳዎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ስላላቸው ለጭቃ ቤት ይመቻል፣ ከዝናብም ሁሉም በጣሪያው ጠርዝ ይጠበቃሉ። በንፋስም ከባለ ሁለቱ የተሻለ ይጸናል። ነገር ግን በአራቱ ማዕዘን በኩል ቆርቆሮ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ሥራውም የተሻለ አናጺ ይጠይቃል።

ከነዚህ ውጭ ያሉት ቅርጾች ለወላይታ ብዙም አያስፈልጉም። በአሜሪካ የእርሻ ቤት ሥዕሎች የሚታየው ጎኑ የተሰበረ ትልቅ ጣሪያ ጋምብሬል ይባላል። የተሠራው ከከብቱ በላይ ለረጅም ክረምት የሚሆን ድርቆሽ ለማከማቸት ነው። በወላይታ እንዲህ ያለ ረጅም የበረዶ ክረምት የለም፤ የበቆሎ አገዳውና ገለባው ውጭ ይከመራል። ስለዚህ ጋምብሬልን ለመልኩ ብቻ መኮረጅ ባዶ ሰገነት መሸከም ነው። ለፋብሪካ የሚሆነው የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ጣሪያ ደግሞ በየጥርሱ መሐል ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ስላለው ብዙ ጥገና ይፈልጋል።

ዳገትና ዋጋ

ባለ አራት ተዳፋት ጣሪያ ከባለ አንዱ የበለጠ ቆርቆሮ ይጨርሳል የሚል እምነት አለ። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ተዳፋቱ እኩል ከሆነ፣ በአንድ መሬት ላይ ያረፈ ጣሪያ ፊቶቹ አንድም ይሁኑ አራት ስፋቱ እኩል ነው። የጣሪያው ስፋት የሚገኘው የመሬቱ ስፋት ለተዳፋቱ ኮሳይን ሲካፈል ነው። 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት 48 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። በ10 ዲግሪ ጣሪያው 48.7 ካሬ ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 51.1፣ በ30 ዲግሪ 55.4፣ በ45 ዲግሪ 67.9 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከግድግዳ ውጭ የሚወጣው ጠርዝና መደራረቡ ከዚህ ላይ ይጨመራል። ዋጋውን የሚለውጡት ዳገቱ፣ ብክነቱና የመገጣጠሚያው ብዛት ናቸው።

ግድግዳም መቆጠር አለበት። ይኸው 6 ሜትር ወርድ ያለው ቤት በ20 ዲግሪ በባለ ሁለት ተዳፋት ቢከደን አናቱ ከግድግዳው 1.09 ሜትር ከፍ ይላል። በ10 ዲግሪ በባለ አንድ ተዳፋት ቢከደን ደግሞ አንዱ ጎን ከሌላው በ1.06 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም። ልዩነቱ፣ ባለ ሁለቱ ከግድግዳ በላይ የሚፈልገው ሁለት ሦስት ማዕዘን፣ በድምሩ 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ባለ አንዱ ግን ከሁለቱ የጎን ሦስት ማዕዘኖች ሌላ በረጅሙ በኩል 8.5 ካሬ ሜትር ተጨማሪ ግድግዳ ይጠይቃል። ይህ ተጨማሪ ግድግዳ የማያስፈልገው ፊቱ ክፍት ለሆነ ቤት ነው። ፊቱ ክፍት ለሆነ በረትና ለጋራዥ ባለ አንድ ተዳፋት ርካሽ የሚሆነው፣ አራት ግድግዳ ላለው ሱቅ ግን እንደሚታሰበው ርካሽ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለተራ ሞገድ ቆርቆሮ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ አይመከርም። ተዳፋቱ ሲቀንስ ውሃው በዝግታ ይሄዳል፣ ንፋስም በመደራረቢያው ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። በጎን በኩል ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ፣ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መደራረብ ያስፈልጋል፤ ዝቅ ላለ ተዳፋት ከዚህም በላይ። ምስማሩ የሚመታው በሞገዱ አናት ላይ ነው። በጎድጓዳው ከተመታ ውሃው የሚሄደው በቀዳዳው ላይ ነው።

ንፋስ

ከዝናብ በፊት የሚነሳ ኃይለኛ ንፋስ ጣሪያ ሲገነጥል ብዙዎች ንፋሱ ከታች ገብቶ አነሳው ይላሉ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ንፋስ የጣሪያውን ጠርዝ ሲያልፍ ከላዩ ላይ ይነጠላል፣ ከበላዩም ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ጣሪያው ወደ ላይ ይመጠጣል። ቤቱ ፊቱ ክፍት ከሆነ ደግሞ ንፋሱ ከውስጥ ይገፋል። ሁለቱ ይደመራሉ።

መጠኑን መገመት ይቻላል። በወላይታ ደጋ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በ1 ኪዩቢክ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 200 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም የ20 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ግፊት አለው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። የ0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ግን በ1 ካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ግራም አይበልጥም። በ48 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ ንፋስ ሙሉ ለሙሉ ቢያነሳው ኃይሉ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መደርደር፣ በየቦታው የሚታይ ቢሆንም፣ ጣሪያውን አያድንም። ድንጋዩ ራሱ ሲወድቅ ሰው ይጎዳል።

ጣሪያን የሚይዘው ያልተቋረጠ ትስስር ነው፦ ቆርቆሮው ከአግዳሚው፣ አግዳሚው ከትራሱ ወይም ከወጋግራው፣ ያ ደግሞ ከግድግዳው አናት እንጨት፣ እርሱም ከምሰሶው፣ ምሰሶውም ከመሬቱ። ከእነዚህ አንዱ ከላላ ንፋሱ እዚያ ይገነጥለዋል። ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ከነእንጨቱ ተነስቶ የሚገኘው ምስማሩ ጥሩ ሆኖ ትራሱ ግን ግድግዳው ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። የአርማታ ብረት የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ድርብ ተደርጎ ትራሱን ከምሰሶው ጋር ቢታሰርበት፣ በጥቂት ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በጠርዝና በአናት አካባቢ መምጠጡ ስለሚበረታ ምስማሩ እዚያ መቀራረብ አለበት።

ቅርጽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጣም ዝቅ ያለ ተዳፋት ጣሪያው በሙሉ እንዲመጠጥ ያደርጋል፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ንፋሱ የሚመታው ፊት በከፊል ወደ ታች ይገፋል። ከግድግዳ ውጭ በረጅሙ የወጣ ጠርዝ ለዝናብ ጥሩ ሲሆን ለንፋስ እጀታ ነው፤ 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ለሁለቱም አስታራቂ መጠን ነው። ባለ አንድ ተዳፋት ጣሪያ ያለው በረት ከፍተኛውና ክፍቱ ጎኑ ወደ ንፋሱ መምጫ መዞር የለበትም። የት በኩል እንደሚነፍስ ከሁሉ በተሻለ የሚያውቁት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የዛፎችም መዘንበል ይነግራል።

በረት

ወላይታ በሰንጋ ማድለብ ይታወቃል። ለሁለትና ሦስት በሬ የሚሆን በረት 3 ሜትር ወርድ ስለሚበቃው ባለ አንድ ተዳፋት ጣሪያ ከማንኛውም ይሻለዋል። የባህር ዛፍ አጣና እንደ ምሰሶ፣ ዝቅተኛው ጎን ከ2 ሜትር ያላነሰ፣ ከፍተኛው ጎን ክፍት ሆኖ፣ ተዳፋቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሆናል። መሬት ውስጥ የሚገባውን የምሰሶ ክፍል ከምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው።

በረቱ ሰፍቶ 6 ሜትር ሲደርስና ከብቶች በሁለት ረድፍ ሲታሰሩ ባለ ሁለት ተዳፋት ይመረጣል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር አየር ነው። የከብቱ ትንፋሽና ሽንት ሙቀት፣ እርጥበትና አሞኒያ ይፈጥራል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አናቱ ላይ መውጫ ካላገኘ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። አሞኒያውና እርጥበቱ ቆርቆሮውን ከውስጥ በኩል ያዝገዋል። በዚህ ምክንያት የበረት ቆርቆሮ ውጪው ደህና መስሎ ከውስጥ የተበላ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የአናቱን ሁለት ፊቶች ሙሉ በሙሉ ሳያገጣጥሙ ክፍተት መተውና ከበላዩ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክዳን መሥራት ነው። ለያንዳንዱ 3 ሜትር ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በብዛት የሚሠራበት ልክ ነው፤ ስለዚህ 6 ሜትር ወርድ ላለው በረት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ዝቅ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ በረት በቀትር ምድጃ ይሆናል። በተለይ የተዳቀሉ የወተት ላሞች ሙቀት ሲበዛባቸው መብላት ይቀንሳሉ፣ ወተታቸውም ያንሳል። ከቆርቆሮው ስር የቀርከሃ ምንጣፍ ወይም ሳር መዘርጋት ሙቀቱንም ጤዛውንም ይቀንሳል። ሳር የሚገኝበት ሰው በረቱን በሳር ቢከድነው ኋላቀርነት አይደለም፤ ለከብቱ ምቾት ሲታይ ሳር አሁንም ከቆርቆሮ ይበልጣል።

እህል የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ ጤዛው የበለጠ አደገኛ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ላይ የተጠራቀመ ውሃ በቆሎ ላይ ሲንጠባጠብ ሻጋታ ያመጣል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጥራል። ለጎተራ ኮርኒስ ቅንጦት አይደለም።

ጋራዥ

በአማርኛ ጋራዥ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው መኪና የሚጠገንበት ቦታ እንጂ የቤት መኪና ማቆሚያ አይደለም። በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚጠገንበት፣ ብየዳም የሚሠራበት ቤት ጋራዥ ሊባል ይችላል። ለዚህ ሥራ ሳር አይታሰብም፤ ቤንዚንና የብየዳ ፍንጣሪ ባለበት ሳር መክደን እሳት መጋበዝ ነው።

የጋራዥ ጣሪያ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ከፍታ፣ ያለ ምሰሶ ወርድና ብርሃን። ለባጃጅ 2.5 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ለጭነት መኪና ግን ከ4 ሜትር በላይ ነጻ ከፍታ ያስፈልጋል፣ ያም በትራሱ ታችኛው አግዳሚ ስር የሚለካ ነው። ወርዱ እስከ 4 ሜትር ሲሆን ባለ አንድ ተዳፋት፣ ከዚያ ሲያልፍ ባለ ሁለት ተዳፋት ከብረት ትራስ ጋር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር በሕይወት ያስጠይቃል። የሞተር ማንሻ ሰንሰለት በጣሪያው ትራስ ላይ መሰቀል የለበትም። ትራስ የተሠራው ቆርቆሮንና ንፋስን ለመሸከም ነው፤ በአንድ ነጥብ ላይ 300 ኪሎ ግራም ሞተር ሲንጠለጠልበት አግዳሚው ይጎብጣል ወይም መጋጠሚያው ይለያያል። ለማንሻው በራሱ እግር የቆመ የብረት መቆሚያ ይሠራል።

ለብርሃን በየጥቂት ቆርቆሮው መሐል አንድ ብርሃን አስተላላፊ የፋይበር ቆርቆሮ ማስገባት የተለመደ ነው። ወላይታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በጳጉሜን አካባቢ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በመካከላቸው ባለው ክረምት በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ስለዚህ ለብርሃን የሚሆነው ክፍት ጎን ወደ ሰሜን ቢዞር በበጋ ቀጥታ ፀሐይ አይገባም። በአንጻሩ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሊሰቀልበት የታሰበ ጣሪያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ይመረጣል፤ ባለ አንድ ተዳፋት ጣሪያ ለዚህ ያለ ተጨማሪ ብረት ዝግጁ ነው።

ሱቅ

በመንገድ ዳር የሚሠራ ሱቅ ብዙ ጊዜ ጣሪያው አይታይም። የፊት ግድግዳው ከፍ ብሎ ስም ይጻፍበታል፣ ከኋላው ባለ አንድ ተዳፋት ቆርቆሮ ወደ ጓሮ ይወርዳል። ይህ ቅርጽ ለደንበኛ ዘመናዊ መልክ ይሰጣል፣ ውሃውንም ከመንገደኛ ያርቃል። ችግር የሚመጣው ቁልቁለቱ ወደ ፊት ሆኖ ውሃው በከፍተኛው ግድግዳ ጀርባ በተደበቀ አሸንዳ ሲሰበሰብ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል መውጫውን ሲደፍን ውሃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሱቁ ይፈስሳል፣ ሲሚንቶና ስኳር የሚያበላሽም እርሱ ነው። ቁልቁለቱ ወደ ጓሮ ቢሆን ይህ አሸንዳ ጨርሶ አያስፈልግም።

የሱቅ ሌላው ጥያቄ ሌባ ነው። በሩ ላሜራ፣ መስኮቱ ፍርግርግ ሆኖ ጣሪያው በመዶሻ የሚነቀል ምስማር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከቆርቆሮው ስር የብረት ፍርግርግ ወይም ጥቅጥቅ ያለ የጣውላ ኮርኒስ ማስገባት፣ ጣሪያውንም ዝቅ ካለ አጥር ወይም ከጎረቤት ቤት ሰው በቀላሉ እንዳይወጣበት ማድረግ የምርጫው አካል ነው። ባለ አንድ ተዳፋት ጣሪያ ዝቅተኛ ጎኑ ጓሮ ውስጥ ስለሚወድቅ በዚህ በኩል ደካማ ነው።

ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ሲታሰብ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ይሠራል፣ ብረቱም ወደ ላይ ቀርቶ ይታያል። ጠፍጣፋ የሚባለውም ቢሆን ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ውሃ የማያስገባ ልባስ ካልተደረገበት በሁለት ክረምት ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ወጪውም ከቆርቆሮ ጋር አይወዳደርም።

የጣሪያ ውሃና ጎረቤት

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የሚቆጠረው የጣሪያው ተዳፋት ስፋት ሳይሆን የሚሸፍነው መሬት ነው። ዝናቡ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ነው ቢባልና ከመቶ 80 እጁ ቢሰበሰብ፣ ከ48 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 46,000 ሊትር ገደማ ይገኛል። ይህ ለከብትና ለችግኝ ትልቅ ሀብት ነው። የሳር ጣሪያ ውሃ ቀለም ስላለውና ስለሚቆሽሽ ለዚህ አይሆንም፤ ከቆርቆሮ ጥቅሞች ትልቁ ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ያው ውሃ ካልተሰበሰበ ግን ጉዳት ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ከባድ ዝናብ ከ48 ካሬ ሜትር ጣሪያ በደቂቃ 48 ሊትር ያወርዳል። ባለ ሁለት ተዳፋት ከሆነ በያንዳንዱ ጎን 24 ሊትር ይሆናል፤ ባለ አንድ ከሆነ ሁሉም በአንድ በኩል ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ በጠርዙ ስር መሬቱን ይቦረቡራል፣ የጭቃ ግድግዳን እግር ያርሳል፣ ጎረቤት በታች ከሆነ የእንሰቱን ማሳ ያጥባል። አጥር ላይ ተጠግቶ የተሠራ ሰርቪስ ወይም በረት ተዳፋቱ ወደ አጥሩ ሲሆን ጠብ መምጣቱ አይቀርም። ያለ ውዝግብ የሚሠራው ቅርጽ ከፍተኛውን ጎን በአጥሩ በኩል፣ ዝቅተኛውን ወደ ራስ ግቢ ያደረገ ነው። ጉዳቱ ግቢው ውስጥ ጭቃ መብዛቱ ሲሆን አሸንዳና በርሜል ያንን ይፈታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 የመሬት ባለቤት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። በተግባር እንዲህ ያለው ክርክር ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፤ የሚፈረደውም አብዛኛውን ጊዜ አሸንዳ እንዲሰቀል ወይም ጠርዙ እንዲቆረጥ ነው።

ፈቃድ

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። በምድብ «ሀ» ከገቡት መካከል በተሸካሚ አካላት መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ይገኝ ነበር። ርቀቱ ከ7 ሜትር ሲያልፍ ወደ ምድብ «ለ» ይሸጋገር ነበር። ፋብሪካና ወርክሾፕ ደግሞ ወርዱ ምንም ይሁን ምን በምድብ «ሐ» ተመድቦ ነበር። ስለዚህ በከተማ ክልል ሱቅ ለመሥራት ፈቃድ ያወጣ ሰው በኋላ ያንኑ ቤት ወደ ጋራዥ ሊለውጠው ቢያስብ ምድቡም የሚጠየቀው የንድፍ ሥራም ሊለወጥ ይችላል። ጣሪያው ከመመታቱ በፊት ለከተማው የግንባታ ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ንድፍ የትራሱን ወርድ፣ ተዳፋቱንና የውሃውን መውረጃ የሚያሳይ ይሆናል።